ወድቆ የተገኘ ግንድ

ሰው እንጨት ሲገዛ ጠንቃቃ ነው። ያገላብጣል፣ ያንኳኳል፣ «ይሄማ እርጥብ ነው» ብሎ ይከራከራል። ያው ሰው መንገድ ዳር የተጋደመ ግንድ ሲያይ ግን መጀመሪያ ይሸከማል። ምን እንጨት እንደሆነ የሚጠይቀው ወገቡን ይዞ ደጁ ከደረሰ በኋላ ነው።

ያኔ አዋቂ አይጠፋም። አንዱ በእግሩ ነካ ያደርገውና «ወይራ ነው» ይላል። የተገኘ እንጨት ሁሉ ወይራ ነው። ሌላው አጎንብሶ ያሸትታል፤ «ጽድ ነው፣ እሳት ላይ እየተንጣጣ ልብስህን ይበሳልሃል።» ሦስተኛው ቅርፊቱን ልጦ «ባሕር ዛፍ!» ብሎ ይፈርዳል። ዘር ማንዘሩ ሲቆጠር ግንዱ ልጃቸውን ሊያገባ የመጣ ይመስላል።

እንደኔ ከሦስቱ አሽታቹ ይሻላል። ቅርፊት ከቆየ ይረግፋል፣ ያልረገፈውም ይመሳሰላል። ጫፉን በመጋዝ ቆረጥ ሲያደርጉት ግን ቀለሙም ሽታውም ይወጣል። የጽድ ውስጡ ቀላ ያለ ነው፤ ሽታውም አይደበቅም።

ክብደት ግን አታላይ ነው። ወይራ እውነትም ከባድ ነው። ግን ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ስንቱ ነው ውሃ ተሸክሞ መጥቶ «ጠንካራ እንጨት አገኘሁ» የሚለው! ሁለት ቁራጭ አጋጩ፤ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ እርጥቡ ድም ብሎ ይቀራል። ደህና የሚነድ እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ነው፤ እስከዚያ ለመድረቅ ደግሞ ተፈልጦ ወራት መጠበቅ አለበት። ግዙፍ ሆኖ ከቀለለና ጥፍር ከገባበት በስብሷል፣ ፋስ አታባክኑበት። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ መድኃኒት የተነከረ ጣውላ ከሆነማ አርሰኒክ ሊኖርበት ይችላል። ጭሱም አመዱም መርዝ ነው። «በነጻ ነው እኮ» እዚህ ላይ አይሠራም።

ከዚያ ፍለጣው ይመጣል። ቀጥ ያለው፣ ጫፉ ላይ የተሰነጣጠቀው፣ ስንጥቁን ተከትለው ሲመቱት ይከፈላል። ጉጥ የበዛበት ወይም ባላ ያለበት ግን ፋሱን ይውጣል። ሰውየው በእግሩ ረግጦ ይጎትታል፤ እምቢ። ፋሱን ግንዱ እንደተሰካበት አንስቶ መሬት ላይ ያላትማል፤ አሁንም እምቢ። አማካሪዎቹ እጃቸውን ኪስ ከተው ቆመዋል።

«ከዳር ጀምር!»

«ኧረ ከመሃል ነው!»

«ሽብልቅ የለህም እንዴ?»

ሚስት በመስኮት ብቅ ትላለች። «ይሄን ሁሉ ከምትለፋ ለምን አትተወውም?» ትክክል ናት። ግን ሰው እያየ እንዴት ይተዋል? እንጨቱ ያዋጣል አያዋጣም የሚለው ጥያቄ ካበቃ ቆይቷል።

እኔ ብሆን ጉጣሙን ሳልፈልጠው ደጅ ላይ መቀመጫ አደርገዋለሁ። አማካሪዎቹም ቆመው ከሚደክሙ ቁጭ ይሉበታል።