ውዳሴ ለሜዳ አቋራጩ

የአሜሪካዋን ነብራስካ ግዛት ከዳር እስከ ዳር የሚሰነጥቀው ኢንተርስቴት 80 የተባለው አውራ ጎዳና በዚያ ግዛት ውስጥ ብቻ 455 ማይል ይረዝማል፤ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይኑን ገልጦ ነድቶ፣ ምንም ነገር ሳያይ በሌላኛው ጫፍ ብቅ ማለት የሚችል ሰው ተራ ሰው አይደለም። "መንገድ እንዴት ነበር?" ስትሉት "ኧረ ምንም የለም! ሣር ብቻ!" ይላችኋል። ድካሙ ፊቱ ላይ ይነበባል። ብዙዎች ያልታደለ መንገደኛ እያሉ ያዝኑለታል። እኔ ግን ባለሙያ ነው እላለሁ፤ ምንም አለማየት እንዲህ በዋዛ የሚገኝ ነገር አይደለምና።

እስኪ ልፋቱን አስቡት። መንገዱ ለረጅም ርቀት የፕላት ወንዝን ተከትሎ ነው የሚሄደው። በመጋቢት ግድም ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሳንድሂል ክሬን የሚባሉ ባለረጅም እግር ወፎች ወደ ሰሜን ሲጓዙ እዚያ ያርፋሉ። ቀን ማሳው ላይ የወዳደቀ በቆሎ ሲለቅሙ ይውላሉ፤ ሲመሽ ጩኸታቸው ሰማዩን ይሞላዋል፤ ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ግማሽ ሚሊዮን ወፍ ላለማየት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ገምቱ! የእኛ ሰው መስኮቱን ዘግቶ፣ ሙዚቃውን ከፍቶ፣ የቀረውን ማይል ስልኩ ላይ እየቆጠረ ያልፋቸዋል። ከመንገዱ በስተሰሜን ደግሞ ሳንድሂልስ አለ፤ 50,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ በስፋቱ አንደኛ የሆነ የአሸዋ ኮረብታ፣ ላዩን ሣር የለበሰ። ሣር ከለበሰ እንግዲህ ሣር ነው። ገልጦ ማየት የእሱ ሥራ ነው እንዴ?

"ሣር ብቻ" የምትለው ፍርዱ ካንሳስ ስትደርስ ይበልጥ ታምራለች። ረጅሙ የሜዳ ሣር በአንድ ወቅት 170 ሚሊዮን ኤከር ያህል ይሸፍን ነበር። ዛሬ 4 ከመቶው እንኳ የለም፤ ሌላው ታርሷል። ከተረፈው አብዛኛው የሚገኘው ፍሊንት ሂልስ በሚባለው አካባቢ ነው፤ የተረፈውም አፈሩ ስስ ሆኖ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ለማረሻ አልመች ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከዚያ ላይ ጥቂቱ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ወደ መከር ሲጠጋ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፤ ሥሩም ሜትሮችን ወደ ታች ይወርዳል። ማረሻ ያቃተውን ያንን ሜዳ የእኛ ጀግና በአንድ ማዛጋት ገረሰሰው።

ደቡብ ዳኮታ ላይ ግን፣ እውነቱ ይነገርለትና፣ ከመኪናው ይወርዳል። በሰዓት 80 ማይል በሚፈቀድበት በኢንተርስቴት 90 ዳር ዋል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ አንድ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1931 የገዛው፣ "የበረዶ ውኃ በነጻ" የሚል ማስታወቂያ በየመንገዱ በመትከል ዝነኛ የሆነ መድኃኒት ቤት አለ፤ ዛሬ ከመድኃኒት ቤትነት አልፎ የገበያ መንደር አክሏል። ተጓዣችን እዚያ ኮፍያ ሲለካ ግማሽ ቀን ይቆያል። ከዚያ ጥቂት ነድቶ ባድላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ይገባና፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ለገደሉ ጀርባውን ሰጥቶ ሰልፊ ይነሳል። "አየነው" ብሎም ይሄዳል። ሰው ጀርባው ላይ ዓይን እንዳለው የሚታወቀው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 አንዲት የ7 ዓመት ልጅ በዚሁ ፓርክ፣ ከጎብኚዎች ማዕከሉ ብዙም ሳትርቅ፣ እንደ ጩቤ የረዘመ ጥርስ የነበረውን ድመት መሰል አውሬ የራስ ቅል መሬት ላይ አግኝታለች፤ ሚሊዮን ዓመታትን ያስቆጠረ ቅሪት። ልጅን ከመኪና የማውረድ መዘዙ እንግዲህ ይህ ነው።

የእርጋታውን ነገርማ ተዉት። ያ "ምንም የለም" የተባለለት ሣር፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን፣ በደቡብ ዳኮታ ብቻ 150 ሚኒትማን የኑክሌር ሚሳኤሎች ተቀብረውበት ነበር። ዴልታ-09 የሚባለው ጉድጓድ በመስታወት ተከድኖ ዛሬም በኢንተርስቴት 90 መውጫ 116 ላይ ይታያል። ዴልታ-01 በሚባለው የከርሰ ምድር መቆጣጠሪያ በር ላይ ደግሞ ወታደሮቹ የፒዛ ሣጥን ሥለው፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ዓለም ላይ ወዳለ ቦታ ሁሉ እናደርሳለን ብለው ቀልደውበታል። ከዚህ አጠገብ መኪና አቁሞ፣ ቺፕስ ከፍቶ፣ "ምን ዓይነት ደረቅ አገር ነው" ማለት መነኩሴ እንኳ የማያገኘው የመንፈስ ጸጥታ ነው።

ከዚህ ጸጥታ የሚያነቃው ባይሰን ብቻ ነው። ወንዱ የአሜሪካ ጎሽ እስከ 900 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲሮጥም በሰዓት 35 ማይል ይደርሳል። በሰሜን ዳኮታው የቴዎዶር ሩዝቬልት ብሔራዊ ፓርክ ደንቡ ቢያንስ 25 ያርድ ራቁ ይላል። 25 ያርድ ለስልክ ካሜራ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ይጠጋል። ጎሹ ቀና ይላል፤ "አየኸው፣ ፖዝ ሲያደርግ!" ይላል። ጎሹ ጭራውን ያቆማል። ሬንጀሮች፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ጭራው ቆመ ማለት ተቆጥቷል፣ ሊመጣ ይችላል ብለው ያስጠነቅቃሉ፤ የእኛ ሰው ግን ሰላም የተባለ መስሎት እጁን ያውለበልባል። ሚስቱንም "ትንሽ ጠጋ በይ፣ ቀንዱ እንዲገባ" ይላታል። እውነትም ቀንዱ ሊገባ ነው።

ሯጭ ሆኖ አይደለም እንዲህ የሚደፍረው። እምነት ስላለው ነው። ፓርክ ውስጥ ያለ አውሬ ሁሉ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በሥራ ሰዓቱ ጎብኚ አይነካም። ጉድጓድ ቆፍራ ለምትኖረው ሽኮኮ መሰል እንስሳ፣ ለፕሬሪ ዶጓም ብስኩት ይወረውርላታል፤ "መመገብ ክልክል ነው" የሚለው ሰሌዳ ለእሷ የተጻፈ ነውና።

ለትንንሾቹ ከተሞች ያለው ርኅራኄ ደግሞ ለብቻው ውዳሴ ያሻዋል። መግቢያው ላይ ሰሌዳው ፍጥነትህን ወደ 25 ማይል ቀንስ ይለዋል፤ እሱ ግን ቶሎ ብገላግላቸው ይሻላል ብሎ ይነዳል። ፖሊስ ሲያስቆመው "እዚህም ፖሊስ አለ?" ብሎ ከልቡ ይደነቃል። ከፊት ለፊት የሚመጣ የፒክአፕ ሹፌር ሁለት ጣቱን ከመሪው ላይ ብድግ አድርጎ ሰላም ይለዋል፤ ለማያውቁት መንገደኛም እንዲህ ሰላምታ መስጠት የአገሩ ወግ ነው። ጀግናችን በሮቹን ይቆልፋል። ምሳ ቤት ገብቶ አስተናጋጇን "ግን እዚህ ምን ትሠራላችሁ?" ይላታል፤ ይህን የሚጠይቀው ከረጅሙ የስንዴ ጎተራ ሥር ተቀምጦ፣ አፉ ዳቦ ሞልቶ ነው። ሲወጣ ያዘመመ የከብት በረት ያይና "እንዴት ያሳዝናል! እንዴት ያምራል!" እያለ አጥር ዘሎ ፎቶ ያነሳል። የበረቱ ባለቤት ከማዶ ቆሞ ሲያየው፣ እሱንም ያነሳዋል።

ከኢንተርስቴት 70 ወደ ሰሜን ገባ ቢል ኒኮዲመስ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1877 ከባርነት ነጻ የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ከኬንታኪ መጥተው የቆረቆሯት መንደር። እንጨት በሌለበት ሜዳ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መሬት ቆፍረው ነው ውስጡ የከረሙት። የአገር ቅርስነቷን መንግሥት ካወቀላት ብዙ ዓመት ሆኗል። የጎዳናው መውጫ ሰሌዳ ላይ ግን የሃምበርገር ምስል የለም፤ ምን ብሎ ይግባ?

ሰሜን ነብራስካ ውስጥ ደግሞ ሞኖዊ አለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ቆጠራ ነዋሪዋ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከንቲባዋም ጸሐፊዋም የመጠጥ ቤቱ ባለቤትም ያቺው አንዲት ሴት፤ ለመጠጥ ቤቱ ፈቃድ የምትሰጠውም፣ ፈቃዱን የምትቀበለውም፣ ግብር የምትሰበስበውም፣ ግብር የምትከፍለውም እሷው። ቤተ መጻሕፍትም ነበራት። የእኛ ሰው እዚያ ቢደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ሰው የለም" ይልና ያዞራል። የመጠጥ ቤቷን በር ገፋ ቢያደርግ ከመላው ሕዝብ ጋር ተዋውቆ፣ ከንቲባዋ ቢራ ቀድታለት ይወጣ ነበር። ግን ጊዜ የለውም፤ ተራራው ጋ ሳይመሽ መድረስ አለበት። ተራራ ደግ ነው፤ ከመኪና ሳይወርዱም ይታያል።