ሰይድ በየትኛው ሰ ይጻፋል?

ዘንድሮ ለእረፍት ደሴ ገብቼ ሦስት ሳምንት ሰነበትኩ። የአክስቴ ልጅ በሶፍትዌር ምህንድስና ማስተርሱን እየሠራ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ቲሲሱ ብቻ ቀርቶታል። እኔ ያንኑ ትምህርት ጀርመን ተምሬዋለሁ። ማታ ማታ ከአቦል እስከ በረካ ወሬያችን እሱ ነበር።

ልጁ አንባቢ ነው። ትርጓሜውን፣ የአሠራር ሞዴሎቹን፣ የፍተሻ ዓይነቶቹን ከእኔ በተሻለ ያውቃል። ያነበበው ግን ተመቻችቶለት አይደለም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ አንዱ ጓደኛቸው ከአዲስ አበባ በፍላሽ ሞልቶ የሚያመጣውን ለስድስት ይካፈሉት ነበር። መብራት ሲሄድ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ የሁሉም ነው። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ መብራት ጠፍቶብኝ አያውቅም። እንደ አብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያም አልነበረም፤ በየሴሚስተሩ መዋጮ ብቻ። ግን ለስድስት ሆነን አንድ ስክሪን ላይ የተደፋንበት ቀን ትዝ አይለኝም። እውነቱን ለመናገር በዚህ ቀናሁባቸው።

ልዩነታችን የገባኝ ቲሲሱን ሳነብ ነው። የሚሠራው ለጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የሚሆን ፕሮግራም ነው። ተጠቃሚው ምን ይፈልጋል የሚለው ምዕራፍ አምሮ ተጽፏል።

«ካርድ ክፍል መቼ ሄድክ?» አልኩት።

አልሄደም። ከቀደሙ ቲሲሶች አይቶ ነው የጻፈው። አልፈረድኩበትም፤ ሂድ ያለው ሰው የለም። እኔንም ጀርመኖቹ ባያስገድዱኝ አልሄድም ነበር። የቡድን ሥራችን ለአንድ የከተማ ቤተ መጻሕፍት ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ መስመር ኮድ አልጻፍንም። መጽሐፍ የሚያውሱትን ሴትዮ አጠገብ ተቀምጠን እጃቸውን ስናይ፣ ስንጠይቅ፣ ስንጽፍ ከረምን። ያኔ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር። ዛሬ ከተማርኩት ሁሉ የሚጠቅመኝ እሱ ነው።

በማግስቱ ተያይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ካርድ የሚያወጡት እትዬ «አብሽሩ፣ ግቡ» አሉን። ጥያቄያችንን ሲሰሙ ሳቁ። «ሰይድ መሐመድ ስንት እንዳለ ታውቃላችሁ?» አሉ። መደርደሪያውን አሳዩን። አንዱ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ ተጽፏል። አንዳንዱ ሰው ራሱ ሁለት ካርድ አለው፤ አንዱ በዚያ፣ አንዱ በዚህ።

የአክስቴ ልጅ ዝም አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት የጋራ ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ገባ እንጂ ለኮምፒውተሩ ሰ እና ሠ ሁለት የማይተዋወቁ ቁጥሮች ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀም እንደዚያው። ፕሮግራሙ አስቀድሞ አንድ ካላደረጋቸው፣ የአንድ ሰው ሁለት ካርድ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀጥላል።

ስሙ ብቻ አይደለም። ልጁ ከውጭ መጽሐፍ ላይ ወስዶ «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ አስገብቷል። እኔ ይህችን ቦታ በደንብ አውቃታለሁ። ጀርመን አባቴን እየጠሩ እኔ አቤት ስል ነው የኖርኩት። ወሎ ላይ ከስም ቀጥሎ ያለው አባት ነው፣ ከዚያ አያት። እናትና ልጅን በቤተሰብ ስም ላገናኝ ቢል አይገናኙለትም። የትውልድ ቀን ደግሞ ካልተሞላ አያሳልፍም። እዚያው ቆመን ሳለ አንድ አባት መጡ። ዕድሜያቸው ሲጠየቅ «በ66ቱ ድርቅ ጥጃ እጠብቅ ነበር» አሉ። እትዬ ለአፍታ አስበው ጻፉ። የልጁ ፕሮግራም ይህን መልስ የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ጳጉሜንም አያውቃት፤ ወሩ 12 ላይ ያልቃል።

ይህን የሚያስተምር የጀርመን ፕሮፌሰር አልገጠመኝም፤ ሊገጥመኝም አይችልም። ጀርመን ያገኘሁት የመጠየቅን ልማድ ነው። የሚጠየቁት ሰዎች ግን ደሴ ናቸው፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ፣ መርሳ። አጭር መንገድ ሄዶ ማናገር ለሚችል ተማሪ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። መምህራኑ ለዚህ መንገድ ነጥብ ቢሰጡለት ምን ነበር እላለሁ።

ያን ማታ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ጀመረው። ሰኞ ከጤና ጣቢያው ፈቃድ ወስዶ ብቻውን ተመለሰ። እትዬ ወንበር ሰጥተው አስቀመጡት፤ ከመሳቢያቸውም አንድ የተጎሳቆለ ደብተር አወጡ። ሞክሼዎችን ሁሉ በእናታቸው ስምና በሰፈራቸው ለይተው የመዘገቡበት ነው። እስከዛሬ ማንም አሳዩኝ ብሏቸው አያውቅም።