ሳያነቡ ለሚጠቅሱ ሊቃውንት የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ማርች 8 በአንድ አዳራሽ ስለ ጾታ እኩልነት የተነገረውን ከሰማሁ በኋላ፣ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የተባለውን የፍልስፍና መጽሐፍ ሳይገልጡ የመጥቀስን ጥበብ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ መሆኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1667 እንደጻፈ የሚነገርለትን ፈላስፋ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር ቀላቅሎ «ንጉሡ ለሴቶች ተቆርቋሪ ነበሩ» ብሎ መጀመር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ እናንተም ታውቃላችሁ። ጽሑፉ የኢትዮጵያዊው ፈላስፋ ነው ወይስ የጣሊያናዊው መነኩሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው የምሁራን ክርክርም አያሳስባቸውም፤ ላላነበቡት መጽሐፍ ደራሲው ማንም ቢሆን ምን ቸገራቸው?

የዕለቱ የክብር ተናጋሪ ግን ከሁሉም ይበልጡ ነበር። ፈላስፋው በእንፍራዝ፣ በባለጸጋው በሀብቱ ቤት ታገለግል የነበረችውን ሒሩትን ሲያገባ፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ስለሆኑ ሚስት እንጂ አገልጋይ እንደማይሻ መናገሩን በስሜት ተረኩልን። ሐተታው መልከ መልካም አልነበረችም፣ ጠባየ መልካም፣ ብልህና ታጋሽ እንጂ ያላትን ሴት ግን ዓይኗንና አንገቷን እያነሡ በግጥም ሲያሞግሷት ቆዩ። በግጥሙ መካከል «አንቺ ልጅ፣ ቡናው ዘገየ እኮ!» አሉና ወደ እኩልነት ተመለሱ። መድረኩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶች በበዓላቸው ቀን እንዲያርፉ ታስቦ ይሆናል፣ ቡናውን ከሚያፈሉት በስተቀር። አንዲት ተማሪ ለጥያቄ እጇን ስታነሣ ሰዓት ማለቁ ተነገራት፤ ለአዳራሹ ድምቀት ስለሆነችም ተጨበጨበላት።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። ያ ሐተታ በወር አበባዋ ወቅት ሴትን ርኩስ የሚያደርገው የኦሪት ሕግ ከፈጣሪ ጥበብ ጋር እንደሚጋጭ ይሞግታል። በዚህ ጽሑፍ በምንኮራበት አገር ግን የንጽሕና መጠበቂያ አጥታ ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ ዛሬም አለች፤ ወንድሟ ሲያጠና እርሷ ውኃ ስትቀዳና እንጀራ ስትጋግር ታመሻለች፣ ፈተና ስትወድቅም ስንፍናው የእርሷ ይሆናል። ይህን እያወቁ በሒሩት ስም ጭብጨባ መሰብሰብ ነውር ነው!

ያም ሆኖ ተናጋሪያችን ሐቀኛ ሰው ናቸው። ከመድረክ ሲወርዱ አንድ ወጣት ጥቅሱ በየትኛው ገጽ እንደሚገኝ ቢጠይቃቸው፣ መጽሐፉን ያነበቡት ባለቤታቸው እንደሆኑ አልደበቁም፤ እርሳቸው ግን ለእንግዶቹ እራት ለማሰናዳት ቤት ቀርተዋል።