ማስታወቂያው ለምን አይቆራረጥም?

ፊልሙ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ያቺ ክብ መዞር ጀመረች። ተዋናዩ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ሊያስነጥስ ሲል እንደያዙት ሰው ደርቋል። ዳታዬ አልቆ ይሆናል ብዬ የኢንተርኔት አቅራቢዬን አፕ ከፈትኩ። ሒሳቤን ሳላይ አንድ ቪዲዮ ቀደመኝ፤ የአቅራቢዬ የራሱ የፊልም አገልግሎት ማስታወቂያ። እሱ ለአፍታ እንኳን አልቆመም። የሴትዮዋ ቅንድብ አንድ በአንድ ይቆጠራል። «ያለማቋረጥ ይመልከቱ» ትለኛለች ደግሞ፣ እየሳቀች። ዳታዬስ? ሞልቷል።

ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ይባላል። በጣም የምወደው ተረት ነው። ሰው ሲተርተው በበጓ ድፍረት ይስቃል። እኔ ግን ሁሌም የማስበው ስለ ሌሎቹ በጎች ነው። ጌታ የሌላቸው እንዴት አደሩ? ደግሞስ ጅቡ ያን ላት እያየ አልፎ የሚሄደው ከማን ጋር ተነጋግሮ ነው? ይህን ስጠይቅ ሰው ወሬ ይቀይራል። ኢንተርኔት ላይ የሚከፋው ደግሞ ጌታውም ጅቡም አንድ ሲሆኑ ነው።

ኔት ኒውትራሊቲ የሚባለው ይህንኑ ለመከልከል ነው። ስሙን ያወጡለት ቲም ዉ የተባሉ የሕግ ምሁር ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መስመሩን የዘረጋው ድርጅት በመስመሩ የሚያልፈውን እየመረጠ አንዱን አያስሩጥ፣ ሌላውን አያስቁም።

«ማን ሥራ ፈት ነው ያንተን ፊልም ቁጭ ብሎ የሚያዘገየው?» ይለኛል አንድ ወዳጄ። ሥራ ፈት አይደለም፤ ሥራው ነው። በ2005 ማዲሰን ሪቨር የተባለ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ደንበኞቹ በኢንተርኔት እንዳይደውሉ ዘጋባቸው። እሱም ስልክ ይሸጣላ! 15 ሺህ ዶላር ከፍሎ ተገላገለ። በ2007 ደግሞ ኮምካስት የተባለው የአሜሪካ ኢንተርኔት አቅራቢ በቢትቶረንት ፋይል የሚለዋወጡ ደንበኞቹን ሲያደናቅፍ ተያዘ። የሚገርመው አደራረጉ ነው። በሁለት ኮምፒውተሮች መሃል ይገባና ለእያንዳንዱ በሌላው ስም «በቃ፣ ዝጋው» የሚል የሐሰት መልእክት ይልካል። ሁለቱም ሌላኛው ጥሎት የሄደ ይመስለዋል። ስንት ወዳጅነት እንዲህ ፈርሷል! (ስም አልጠራም። ራሱን ያውቃል።)

ቢዘጉት እኮ ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ ጠላቴን አውቃለሁ። ሲያዘገዩት ግን የምጠረጥረው ራሴን ነው። ስልኬ አረጀ? ግድግዳው ወፈረ? ጎረቤት ዋይፋዬን ሰረቀ? ራውተሩን ከሳሎን ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ቁም ሳጥን አናት ሳንከራትተው እውላለሁ። የፍጥነት መለኪያውን ስከፍት ቁጥሩ አስደናቂ ነው። ፊልሙን ስከፍት ክቧ። ቪፒኤን ስከፍት ደግሞ ፊልሙ በአንዴ ነፍስ ይዘራል! ቪፒኤን የሚያልፈውን ስለሚሸፍነው አቅራቢው ፊልም ይሁን ደብዳቤ መለየት ያቅተዋል። መለየት ሲያቅተው ፈጠነ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ደውዬ ስናገር መልሱ አንድ ነው። «ደንበኛችን፣ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት።» አጥፍቻለሁ። አብርቻለሁ። «እንግዲያው ፓኬጅዎን ቢያሳድጉት?» ይቺ ምክር እኔ ላይ ብቻ ብትሆን ዝም እል ነበር። በ2018 ካሊፎርኒያ በሰደድ እሳት ስትነድ፣ የሳንታ ክላራ እሳት አደጋ ሠራተኞች ዳታ ከገደቡ አለፈ ተብሎ ፍጥነቱ ተሰበረ። ስሞታ ሲያሰሙ አቅራቢያቸው ቬራይዘን ያቀረበላቸው ከፍ ያለ ፓኬጅ ነው። በኋላ የደንበኞች አገልግሎት ስህተት ነው፣ ከኔት ኒውትራሊቲ ጋር አይገናኝም አለ። ይሁን። እሳት ፊት ቆሞ «ፓኬጅዎን ያሳድጉ» መባል ግን የየትኛውም ሕግ ጉዳይ ቢሆን ያበግናል።

ሕጉም ቢሆን ከክቧ አይሻልም። አሜሪካ በ2015 ጠንካራ ደንብ አወጣች፣ በ2017 ሻረችው፣ በ2024 መለሰችው፣ በጥር 2025 ፍርድ ቤት ጣለው። ቺሊ በ2010 በሕግ አስራ ነገሩን ጨርሳለች።

መስመር እንደሚጨናነቅ አውቃለሁ። ማታ ሁሉም ፊልም ሲከፍት ይጠባል። ይጥበብ! ለሁላችንም ይጥበብ። የእኔ ፊልም ሲያነክስ የአቅራቢዬ ለምን ይሮጣል?

«ነፃ» የሚሉትማ ጭራሽ አይነሳብኝ። ያ ወዳጄ አንዳንድ አፖች ያለ ዳታ የሚከፍት ፓኬጅ አለው። ጽሑፍ ስልክለት ሊንኩን አይከፍትም፤ ዳታ ይቆርጥበታላ። ርዕሱን ብቻ አንብቦ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይከራከረኛል። ሕንድ በ2016 እንደ ይዘቱ የዳታ ዋጋ መለያየትን ስትከለክል፣ የተመረጡ ድረ ገጾችን ያለ ዳታ ክፍያ የሚከፍተው የፌስቡክ ፍሪ ቤዚክስም እዚያው ቀረ። «በነፃ የተሰጠን ነገር እንዴት ይከለክላሉ?» አለኝ። ነፃው ውስጥ ማን እንደሚገባ የሚመርጠው ማነው ብዬ ረጅም ማብራሪያ ከነሊንኩ ላክሁለት። አልከፈተውም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ማስታወቂያው ነበር፣ አይደል? እሱንስ ተውኩት። ሊያዘገዩ ከሆነ ብቻ ውሉ ላይ በትልቅ ፊደል ይጻፉልኝ፤ «ማታ ማታ የሌሎችን ፊልም እናዘገያለን፣ የራሳችንን አንነካም» ብለው። ምናልባት እፈርማለሁ። ሌላ አቅራቢ የት አለና።