ድገሚልኝ እስቲ

ባለፈው ሦስት ሆነን ቁጭ ብለን ወሬው ከየት እንደመጣ እንጃ ትምህርት ላይ ወደቀ። አንዷ አስተማሪ ናት። አንዱ ደግሞ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ነው፤ መቼም እንደሱ ዓይነት ከየጨዋታው አይጠፋም።

የጀመረው እሱ ነው። «ማንበብ የሚከብደውን፣ ጆሮው በደንብ የማይሰማውን፣ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ የማይችለውን ሁሉ አንድ ክፍል ከትቶ ማስተማር ማንንም አለማስተማር ነው» አለ። ለየብቻ ይማሩ ባይ ነው። እሷ ሳቅ ብላ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለችው።

«በተረት አይስተማርም!»

እሷ ግን በተረት አላስተማረችም። የምትሠራውን ነገረችው። ሰሌዳ ላይ የምትጽፈውን ማየት የሚቸግረው ልጅ እንዳያመልጠው ጮክ ብላ ታነበዋለች። ከንፈሯን እያየ የሚከታተላት ልጅ አለ፣ ስለዚህ ወደ ሰሌዳው ዞራ አታወራም፤ ጀርባዋን ከሰጠችው ለሱ ትምህርቱ እዚያው አለቀ። አምስት ትእዛዝ ባንዴ አትደረድርም፣ አንዱን አስጨርሳ ነው ወደሚቀጥለው የምትሄደው። መልሱን እያወቀ መጻፍ የሚያቅተውን ደግሞ በቃል ትጠይቀዋለች። እስቲ ይሄ ምን ወጪ አለው?

«ጎበዞቹ ይጎተታሉ» አለ። ምናቸው ነው የሚጎተተው? ደግማ ስታስረዳ ሳይገባቸው እጅ ማውጣት ያፈሩት ሁሉ አብረው ይገባቸዋል፣ ከነሱ መሃል «ጎበዝ» የሚላቸውም አሉበት። ቀጥሎ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት መስጠት አድልዎ ነው አለ። «የምፈትነው ታሪክ ነው የእጅ ፍጥነት?» አለችው። ዝም። ከዛ «ይሄ የፈረንጅ ፋሽን ነው» ወደሚለው መሸሸጊያው ገባ።

እኔም ጥልቅ አልኩ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1994 ስፔን ሳላማንካ ላይ የ92 መንግሥታት ተወካዮች ተሰብስበው ልጅ ሁሉ በመደበኛ ትምህርት ቤት ይማር ብለዋል፣ በ2006 የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አንቀጽ 24 ላይም አለ አልኩት። «ወረቀት ነው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እሱስ ወረቀት ነው። 60 ልጅ ለአንድ መምህር አስረክቦ «ሁሉንም አካት» ማለት ሹፈት ነው፤ የብሬል መጽሐፍም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም በአንጀት ብቻ አይመጣም። ይሄን ስላት አስተማሪዋ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። በጀት የሚይዙትም አንጀት አላቸው።»

እኔ ገና ድሮ ፈርጃለሁ፣ ልደብቀው አልችልም። የሰውዬው ችግር ክፍሉ አይደለም፣ ጥድፊያው ነው። የሁላችንም ነው። ቶሎ የመለሰ ጎበዝ፣ ቆይቶ የመለሰ ደደብ። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ «ምን ተማርክ?» የሚለው ጠፍቶ «ስንተኛ ወጣህ?» ብቻ ቀረ። በዚህ ያደገ ትውልድ ነው ዛሬ ሰልፍ ላይ አንድ አዛውንት ወረቀታቸውን ሲፈልጉ ከኋላ የሚነጫነጨው፣ ስብሰባ ላይም ቀድሞ የጮኸውን አዋቂ የሚያደርገው። አስቦ የሚናገር ሰው ተራው ሳይደርሰው ስብሰባው ይበተናል።

ልንለያይ ስንል አስተማሪዋ አንድ ነገር አለችው። መኪና እያጓራ አለፈና አልሰማትም። ጆሮውን አስጠግቶ «ምን አልሽ? ድገሚልኝ እስቲ» አላት።

ያንኑ ተረት ነበር። ፊቷን ወደሱ አዙራ፣ ቀስ አድርጋ ደገመችለት።