ከአባቴ ስም በፊት ለምትመጪው ዝምታ

ይድረስ ለተከበርሽው ዝምታ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆትሽ ግን የለብኝም፤ ማክሰኞ ክሊኒክ ተገናኝተናልና።

መቼም አትረሺውም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ነርሷ በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ብቅ አለች። «ስሚዝ!» ስትል ስሚዝ ገባ። «ጆንሰን!» ስትል ጆንሰን ገባች። ሦስተኛውን ወረቀት አየችው። ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ። አፏ ተከፈተ፣ ተመልሶ ተዘጋ። ይኼኔ አንቺ ከተፍ አልሽ። እኔም ጃኬቴን አንስቼ ተነሳሁ። ስሜ መጠራቱ ነዋ!

የአባቴ ስም ቀጸላ ነው። ሦስት ፊደል! ከሦስቱ የእንግሊዝኛን ኬላ በሰላም የሚያልፈው ግን «ላ» ብቻ ነው። «ቀ» እና «ጸ» እዚህ አገር መኖሪያ ፈቃድ የላቸውም። ነገሩ ከባድ ሆኖ አይደለም። ጉሮሮ ይዘጋል፣ አየሩ አፍ ውስጥ ይታፈናል፣ ከዚያ እንደ ቢራ ቆርኪ ጧ ብሎ ይለቀቃል። ቆርኪ ራሱን ብለሽ ሞክሪው። ውይ፣ ለካ አንቺ አትናገሪም።

ፓስፖርቴ ላይ «ቀ»ን በኬ፣ «ጸ»ን በቲ እና በኤስ አድርገው ጻፉልኝ። ፈረንጅ ደግሞ ቲ እና ኤስ ቃል መጀመሪያ ላይ ተጣብቀው ሲመጡበት እንኳን ለሰው ስም ለ«ጹናሚ»ም አልሆነ፤ ቲዋን ውጦ «ሱናሚ» ብሎ ነው የሚገላገለው። ስለዚህ አንቺ ዘወር ስትዪ የመጣው ይመጣል። ኬሴላ። ኪትዜላ። አንዴማ እንደ ሜክሲኮዎች ምግብ «ኬሳዲያ» ተብዬ ተነስቻለሁ። የምሳ ሰዓት ስለነበር አልፈረድኩባትም።

አልፎ አልፎ ደግ ሰው ይገጥመኛል። «በትክክል እንዴት ነው የሚባለው?» ይለኛል። ቆሜ አስተምራለሁ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ «ፐርፌክት!» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል።

ደግሞ እኮ የሚጠሩት እኔን አይደለም! እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የት አለና? ፎርሙ «ላስት ኔም» አምጣ ሲለኝ አባቴን ሰጠሁት። አባዬ ደብረ ብርሃን ፀሐይ እየሞቀ፣ እዚህ በስሙ ስኳር ይለካል። ቀነኒሳም አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ጨርሶ የዓለም ሪከርድ የሰበረው እሱ ነው። ለፈረንጅ ኮሜንታተር ግን ሁሌም የሚሮጡት አባትየው ናቸው፤ እሳቸውም «በከሌ» ተብለው።

ይህን ሁሉ ችዬሽ ነበር። ቢያንስ የኔ ነሽ ብዬ ነው። ማክሰኞ ግን ጃኬቴን ይዤ ስነሳ ፊት ለፊቴ አንዲት የቬትናም እናት ቦርሳቸውን ይዘው ተነሱ። ተያየን። ሁለታችንም ወደ ነርሷ ዞርን።

«ን... ንጉ... ንጉይ...» አለች።

ሴትዮዋ እጃቸውን አነሱና ፈገግ ብለው ገቡ። በአገራቸው ከ«ንጉየን» የበለጠ የበዛ የቤተሰብ ስም የለም። እኔ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ለእሳቸውም ትመጪያለሽ ለካ! ለስንት ሰው ነው የምትመጪው?

መልስሽን እጠብቃለሁ። በጽሑፍ ይሁን።

አክባሪሽ፣
የአቶ ቀጸላ ልጅ