የሥዕል ክፍለ ጊዜን ለልጆቻችን እንመልስላቸው

በሥርዓተ ትምህርቱ ሥዕልንና የእጅ ሥራን የሚያካትተው «ክወናና ዕይታ ጥበባት» የተባለው ትምህርት በየትምህርት ቤቱ የጊዜ ሰሌዳ ላይ አለ። ክፍል ውስጥ ሲገቡ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው። ፈተና ሲቃረብ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ ይወሰዳል። ካልተወሰደም መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ጀበና ስሎ «ይህን ሥሩ» ይላል፤ 50 ልጅ 50 አንድ ዓይነት ጀበና ይገለብጣል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፦ ቀለም የለም፣ ወረቀት የለም፣ በጀት የለም።

የፋብሪካ ቀለም አለመኖሩ እውነት ነው። ለ50 ልጅ የውሃ ቀለም መግዛት በእኛ በሰሜን ሸዋ ለመንዝም ሆነ ለተጉለት የገጠር ትምህርት ቤት የማይታሰብ ነው። ይሁን እንጂ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ላለ ልጅ የፋብሪካ ቀለም የግድ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ከዋዜማው የተሰናዳ ነገርና በቂ ጊዜ ነው። ሁለቱም በትምህርት ቤቱ እጅ ያሉ ናቸው።

ከቀለሙ እንጀምር። በሰሜን ሸዋ መንገድ ሲቆረጥ ወይም ጉድጓድ ሲቆፈር ጎኑን ልብ ብሎ ያየ ሰው አፈሩ አንድ መልክ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ቀዩ፣ ቡናማው፣ ቢጫማው፣ አመድማው ተደራርቦ ይታያል። ልጆቹ ከየመጡበት መንደር አንድ አንድ ጣሳ ያምጡ። አፈሩ ይደርቅ፣ ይደቅ፤ ከዚያ ባልዲ ውስጥ በብዙ ውሃ ይበጥበጥና አንድ ደቂቃ ያህል ይቀመጥ። በዚህ ጊዜ አሸዋው ከታች ይዘቅጣል፣ ደቃቁ ከውሃው ጋር ተንሳፍፎ ይቀራል። ድፍርሱን ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ ቀድቶ ማሳደር ነው። ጠዋት ላይ የጠራው ውሃ ሲደፋ ከሥር የሚገኘው ለስላሳ ጭቃ ቀለሙ ነው። ይህን እርምጃ የዘለለ መምህር ወረቀት የሚቧጭርና ቡሩሹን የሚጨርስ ቀለም ይዞ ይገባል።

አፈር ብቻውን ወረቀት ላይ አይቆይም፤ ሲደርቅ ይረግፋል። የሚይዘው ሙጫ ከስንዴ ዱቄት ይሠራል። 1 ብርጭቆ ዱቄት በ1 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ጓጎላ እስኪጠፋ ይበጠበጣል፤ ከዚያ 4 ብርጭቆ የሚፈላ ውሃ ላይ እየተማሰለ ይጨመርና 5 ደቂቃ ያህል ይንተከተካል። ዱቄቱን በቀጥታ ፈላ ውሃ ላይ የበተነ ሰው የሚያገኘው ሙጫ ሳይሆን የተቋጠረ ገንፎ ነው። ሙጫው ሲቀዘቅዝ 2 ማንኪያ የአፈር ጭቃ በ1 ማንኪያ ሙጫ ይቀላቀላል፤ ከወፈረ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ልኩን ለማወቅ በዋዜማው የካርቶን ቁራጭ ቀብቶ ማሳደር ያስፈልጋል። ጠዋት በጣት ሲታሽ ዱቄት ከወጣው ሙጫው አንሷል፤ ካብረቀረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ወረቀቱን ካጠፈው በዝቷል። ሙጫው እንደ አገሩ አየር ይበላሻል። በደብረ ብርሃን ብርድ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ሞቃታማው ሸዋ ሮቢት ላይ ግን በማግስቱ ሊኮመጥጥ ስለሚችል በዕለቱ የሚያልቀውን ብቻ መሥራት ይሻላል።

ለጥቁሩ ከሰል አለ። ለነጩ የጠመኔ ስብርባሪ ውሃ ውስጥ ነክሮ መፍጨት ነው፤ ደረቁን መፍጨት ብናኙን ልጆች እንዲተነፍሱት ያደርጋል። ኖራ ነጭ ስለሆነ ብቻ ልጆች እጅ መግባት የለበትም፣ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። በብዙ ቦታ የሚመከሩት የእርድ ቢጫ፣ የቀይ ሥር ቀይና የቅጠል አረንጓዴ በዕለቱ ያምራሉ እንጂ አይቆዩም። እርዱን ፀሐይ ያነጣዋል፤ የቅጠሉና የቀይ ሥሩ ጭማቂ በቀናት ውስጥ ወደ ቡኒ ይለወጣል። ልጁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለለት ሥራው ሲጠፋበት ያዝናል። የአፈርና የከሰል ቀለም ግን አይለቅም። የጥንት የብራና መጻሕፍታችን ጽሑፍ ዛሬም ጥቁር ሆኖ የሚነበበው የቀለሙ መሠረት ጥላሸትና ከሰል ስለሆነ ነው፤ ይህንን ደግሞ ለልጆቹ እዚያው ቀለሙን እየበጠበጡ መንገር ይቻላል።

ቡሩሹ ከመፋቂያ ይሠራል። ቀጭን ጭረት ለማግኘት የወይራ እንጨት ጫፉን ማኘክ ወይም በድንጋይ መቀጥቀጥ ይበቃል። ለሰፊ ቅብ ደግሞ አንድ ጭብጥ ቃጫ እንጨት ላይ በሲባጎ ማሰር ነው። ደብተር ወረቀት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲረጥብ ይጠቀለላል፣ ሁለተኛ ሲቀባ ይበሳል። የብስኩትና የፓስታ ካርቶን የውስጥ ፊቱ፣ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ፣ ይህ ሁሉ ከሱቅ ደጃፍ በነጻ ይገኛል። ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ካርቶኑ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ትንሽ ልጅ የሚሠራው በክንዱ እንጂ በጣቱ ጫፍ አይደለም። በጠባብ ወረቀት ላይ ማስጨነቅ እጁን ማሰር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፤ ጊዜው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ዕቃ ለማደል ቢያንስ 8 ደቂቃ፣ ለማሳየት 5፣ ለማጠብና ለመሰብሰብ 12 ይሄዳል። ለልጁ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው፤ እሱም ሐሳብ ሳይመጣለት ያልቃል። መምህሩ ወደ ጀበና ግልበጣ የሚሸሸው በስንፍና ብቻ አይደለም፣ ከደወሉ ጋር እየተሽቀዳደመ ነው። መፍትሔው ክፍለ ጊዜ መጨመር ሳይሆን ማጋጠም ነው። በየሳምንቱ አንድ 40 ደቂቃ ከሚሰጥ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሁለቱን አያይዞ 80 ደቂቃ መስጠት። ማደሉ፣ ማሳየቱና ማጠቡ የሚወስደው ያው 25 ደቂቃ ነው፤ ለሥራው ግን 55 ደቂቃ ይቀራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ በተናጠል ከሚገኘው 30 ደቂቃ ጋር ማነጻጸር ነው። አንዳችም ሳንቲም አይጠይቅም፤ የርዕሰ መምህሩን እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

50 ልጅ በአንድ ጊዜ ከመቀመጫው ከተነሳ ደግሞ 80 ደቂቃም አይበቃም። አምስት አምስት ሆነው 10 ቡድን ይሁኑ፤ ከየቡድኑ አንድ ልጅ ብቻ ዕቃ ያመጣል፣ ይመልሳል፤ ተረኛው በየጊዜው ይለወጥ። ለየቡድኑ ሦስት የቆርቆሮ ክዳን ቀለም ይበቃል። ብዙ ቀለም ሲቀርብ ልጆች ሁሉንም ይቀላቅሉና 10 ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉ ነገር ጭቃ መልክ ይይዛል። ለእጅ መታጠቢያ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሁለት ሳፋ ይበቃል፤ አንደኛው ለማስለቀቅ፣ ሁለተኛው ለማጥራት። ሳፋው አንድ ብቻ ከሆነ ከአሥረኛው ልጅ በኋላ ያለው እጁን የሚታጠበው በቀለም ነው።

ሸክላ ከሥዕል ይልቅ ልጆችን ይስባል፣ ነገር ግን ብዙ መምህራን አንድ ጊዜ ሞክረው ይተዉታል። ሥራው በሦስተኛው ቀን ተሰነጣጥቆ ስለሚገኝ ነው። ስንጥቁ ምክንያት አለው። ደጋ ላይ በብዛት የሚገኘው መረሬ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ማሳው ላይ በበጋ የምናየው ስንጥቅ ያው ነው። ስለዚህ 4 እጅ አፈር ከ1 እጅ ደቃቅ አሸዋ ጋር ይደባለቅ። ጭቃው መድረሱን ለማወቅ እንደ ጣት አድርጎ ማድበልበልና ጣት ላይ መጠምጠም ነው፤ ሳይሰነጠቅ ከተጠመጠመ ደርሷል። ልጆቹ የሚሠሩት ነገር ውፍረቱ ከአውራ ጣት አይብለጥ። ለምሳሌ የሚሠሩት በግ ሆዱ ድፍን ሆኖ እግሩ ቀጭን ከሆነ እግሩ ቀድሞ ይደርቅና ይለያያል። እግርና ጆሮ ሲቀጠል የሚገናኙት ሁለቱም ፊቶች በእሾህ ይቧጨሩ፣ ቀጠን ያለ ጭቃ ይቀቡ፣ ከዚያ ይጫኑ። ዝም ብሎ የተለጠፈ ሁሉ ሲደርቅ ይወድቃል። የመጀመሪያውን ሁለት ቀን ላስቲክ ለብሶ፣ ቀሪውን ሳምንት ጥላ ላይ ይድረቅ። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚጥልበት አገር እርጥቡን ሸክላ ውጭ ማሳደር ማጥፋት ነው፤ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያፈራርሰዋል። በእነዚህ ወራት የሸክላ ክፍለ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ለልጆቹም እጅ ይሻላል።

እዚህ ላይ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ጉዳይ አለ። በአካባቢያችን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ለዘመናት ሲናቅና ሲገለል ኖሯል። ዛሬም ልጁ እጁ ጭቃ ሆኖ ሲመጣ ፊቱን የሚያጠቁር ወላጅ አይጠፋም። ትምህርት ቤት ይህን ንቀት ለመስበር ከንግግር የተሻለ መንገድ አለው። በአቅራቢያው ያሉትን ሸክላ ሠሪ እናት ለአንድ ቀን በእንግዳ መምህርነት ጋብዞ ክፍሉ ፊት ማስቀመጥና አፈሩን እንዴት እንደሚመርጡ፣ እንዴት እንደሚያሹ በራሳቸው አንደበት እንዲያስረዱ ማድረግ ነው። ለድካማቸው አበል ይከፈላቸው። ልጆቹም እንደ ማንኛውም መምህር ብድግ ብለው ይቀበሏቸው።

ከአራተኛ ክፍል በላይ ላሉት የመንዝ ሱፍ አለ። የመንዝ በግ ጠጉር ጥቁር፣ ቡኒና ነጭ ሆኖ ስለሚገኝ ማቅለም ሳያስፈልግ ጥለት ይወጣዋል፤ ባና የተባለው የሱፍ ብርድ ልብስና በርኖስ ከሚሠራበት ቤት የተረፈ ፈትል አይጠፋም። 15 በ20 ሳንቲ ሜትር ጠንካራ ካርቶን ይቆረጥ፤ በሁለቱ አጫጭር ጫፎች ላይ በየ1 ሳንቲ ሜትሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር የሚገባ ስንጥቅ ይውጣ፤ ድሩ በሲባጎ ይወጠር። ካርቶኑ ከጎበጠ ውጥረቱ በዝቷል፣ ይላላ። ማጉ ጫፉ በተሰነጠቀ የቀርከሃ ጭረት አንዱን ድር ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለ ይግባ፤ ለአንድ ልጅ 10 ሜትር ያህል ወፍራም ፈትል ይበቃዋል። ሁሉም ጀማሪ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፦ ማጉን ዳር ላይ አጥብቆ ይስባል፣ ጨርቁም ወገቡ እየቀጠነ ይሄዳል። ማጉ ሲገባ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እንደ ቀስት ጎበጥ ብሎ ይቀመጥና በማበጠሪያ ወደ ታች ይመታ፤ ያኔ ዳሩ ቀጥ ይላል። ጠጉሩ ካልታጠበ ቅባቱ እጅ ይይዛል፤ መታጠብ ያለበት ግን ለብ ባለ ውሃ ሳይታሽ ነው። በፈላ ውሃ የታሸ ሱፍ ተጣብቆ አይፈታም።

ስለ ጀበናው ግልበጣ ጥቂት ልጨምር። ልጅ ከሰሌዳ ሲገለብጥ የሚማረው የመምህሩን መስመር ነው። በድንጋይ ቤት የሚኖር የመንዝ ልጅ፣ «ቤት ሣል» ሲባል ባለ ሦስት ማዕዘን ጣሪያ አራት ማዕዘን ቤት የሚስለው የራሱን ቤት እንዲያይ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው። ከሰል ይዞ ግቢ ወጥቶ አንድ ባሕር ዛፍ ይመልከት፤ ግንዱ ከታች ምን ያህል ይወፍራል? ቅርንጫፉ የት ይጀምራል? መምህሩ ጥያቄ ይጠይቅ እንጂ ከሰሉን ተቀብሎ አያርም። ውጤት የሚሰጠውም በመመሳሰሉ መሆን የለበትም፤ ልጁ ትኩር ብሎ ማየቱ፣ የራሱን ምርጫ መሞከሩ፣ ሥራውን መጨረሱና ዕቃውን በሥርዓት መመለሱ ይታይ። «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት «ስለ ሥዕልህ ንገረኝ» ማለት ይሻላል። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ አንኮበር ነው፤ የአፍሪካ አዳራሹን ባለ ቀለም መስታወት የሠራ ዓይን የተከፈተው ከዚህ ምድር ነው።

ባለፉት ዓመታት ጦርነትና መፈናቀል ባዩ ልጆች ክፍል ውስጥ መምህሩ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የተቃጠለ ቤት ወይም መሣሪያ የሳለን ልጅ አይቆጣ፣ ሥዕሉንም አይቅደድ። «ያየኸውን ሣል» ብሎ ማዘዝም አይገባም። ያልፈለገ ልጅ በግ ይሣል። እንዲህ ያለ ሥዕል ሳያስፈቅዱ ግድግዳ ላይ መስቀል ወይም ፎቶ አንስቶ ማሰራጨት ደግሞ ልጁን አሳልፎ መስጠት ነው። ልጁ ለቀናት ከተረበሸ ወላጁን ማነጋገር የመምህሩ ድርሻ ነው።

ነሐሴ ላይ የጊዜ ሰሌዳ ሲወጣ ርዕሳነ መምህራን ሁለቱን ክፍለ ጊዜ አያይዘው ቢያወጡ፣ የወረዳ ሱፐርቫይዘሮችም ለሒሳብ ማካካሻ ሲወሰድ እንዳላየ ባያልፉት ሥራው ይጀመራል። ከትምህርት ቤቱ የድጎማ በጀት የሚያስፈልገው ሁለት ሳፋ፣ አንድ ጀሪካን፣ አንድ ባልዲ፣ ወንፊት፣ 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ጥቅል ሲባጎና የእንግዳዋ መምህርት አበል ነው። አፈሩን፣ ካርቶኑንና ፈትሉን ልጆቹ ያመጡታል።